ልጄን የተሸከመው ልብ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለሐኪም ልንገረው ወይስ ለንስሐ አባቴ፣ ገና አልወሰንኩም።

አዳማ ገበያ መሀል ቆሜ ነበር። መንገዱን የሞሉት ሰዎች ሳይሆኑ ልቦች ነበሩ። ጫማ አድርገው፣ ዘምቢል አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ሰዎቹ ደግሞ በልቦቹ ደረት ውስጥ ተቀምጠው ድም ድም ይላሉ። ማንንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም።

አንድ ወፍራም ልብ እያለከለከ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«የወንድይፍራው እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ምነው በደኅና?»

«ልጅዎ እኔ ውስጥ ነው። ደክሞኛል። ዛሬ ቁርሱን ካላስተካከለ እዚሁ አውርጄው እሄዳለሁ።»

 ወንድይፍራው ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሚስት ያገባ ልጄ ነው። በቀደም ሐኪሙ «ቅቤና ጨው ይቅርብህ፤ ጠዋት ጠዋት አጃ ብላ፤ አለዚያ ልብህ አይችልም» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ። ጆሮዬን ወደ ወፍራሙ ልብ ደረት አስጠጋሁ። ልጄ ከውስጥ በጡጫ ይደበድባል።

«እማዬ! ጨጨብሳ አስመጪልኝ!»

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አለ ልቡ።

እየሮጥን ቁርስ ቤት ገባን። እዚያ ምግቦቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዝዛሉ። አንድ ሳህን ጨጨብሳ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በልቡ ደረት ውስጥ ያለውን ልጄን አየና ምራቁን ዋጠ።

«ይሄንን ለእኔ አድርጉልኝ። ጮማ ነው።»

«ልጄ አይበላም!» ብዬ ጮኽኩ።

አስተናጋጇ ዶሮ ነበረች። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ሰው አልቀምስም። ደንበኛ ግን አልከለክልም» አለችኝ።

በዚያ አገር የሚዋደዱ ሰዎች አይጎራረሱም። አንዱ ከሌላው አፍ ጉርሻ ያወጣል እንጂ። «በሞቴ፣ አትብላ!» «እኔ ልሙት፣ ትፋው!» ይባባላሉ። አንዲት ሙሽራ ከባሏ ጉንጭ እንቁላል መንጭቃ አወጣችና ሳመችው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ልቡ የደረቱን በር ከፈተልኝ። ልጄ ብቅ አለ፤ አፉ ሙሉ ነው። እጄን እስከ ክርኔ አፉ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ጨጨብሳ ወጣ። ቀጥሎ የቅቤ ቅል ወጣ። ቀጥሎ የሚኒባሱ ረዳት «ሞጆ! ሞጆ! የሞላ!» እያለ ወጣ።

ጥግ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ሳህን አጃ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር።

«እኔንስ ማን ያየኛል?» አለች።

«ነይ እስቲ፣ እናቴ» አልኳት። ልጄ አንድ ማንኪያ ዋጠ። ልቡ ማለክለኩን ተወ።

«እንዲህማ ከሆነ እቆያለሁ» አለ።

በደስታ ዘልዬ ነቃሁ። ነግቷል። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ትናንት ከአሰላ የመጡት የልጄ አማት፣ እትዬ ዘርፌ፣ ያመጡትን ቅቤ ፍርፍር ላይ አንቆርቁረው ልጄን ያጎርሱታል።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!»

«እትዬ ዘርፌ፣ ሐኪሙ እኮ አጃ ነው ያዘዘለት!»

«አጃማ የፈረስ ነው። ልጁ ምን በደለ?»

«እማዬ፣ አማት እንዴት እምቢ ይባላል?» አለኝ ወንድይፍራው፣ እያላመጠ።

ሳላስበው እጄን ወደ አፉ ሰነዘርኩ። እትዬ ዘርፌ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ይኸው! እናትም ልታጎርሰው ነው!» ብለው ቅቤው የሚንጠባጠብ ጉርሻ መዳፌ ላይ አኖሩ።

ልጄ አፉን ከፈተ።