ሲ ሽድሊና የማይንሳፈፈው ዘይት

በየሰፈሩ አንድ የዘይት ሐኪም አለ። ጉንፋን ቢይዛችሁ፣ ጉልበታችሁን ቢቆረጥማችሁ፣ ልጃችሁ ፈተና ቢወድቅ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ያውም እሱ ቤት ይገኛል። እኛ የወይራዋ ከተማ የስፋክስ ሰዎች ዘይት ከሱቅ የሚገዛ ሰው ስናይ ዘመድ የሌለው መስሎን እናዝንለታለን። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የወይራ ዛፍ፣ የራሱ ማሰሮ፣ የራሱም ጉራ አለው። የጉራው ሊቀ መንበር ግን ጎረቤቴ ክቡር ሲ ሽድሊ ናቸው፤ «ሲ» በእኛ ዘንድ «አቶ» ማለት ነው።

ሲ ሽድሊ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወይራ መጭመቂያ ቤት ነው። ጠዋት አንድ ሲኒ ዘይት ይጨልጣሉ፤ ከዚያ ራሰ በራቸውን እስኪያብረቀርቅ ያሹታል። በሩ ሲጥ ሲጥ ሲል ዘይት፣ ጆሯቸውን ሲያሳክካቸው ዘይት። የመኪናቸው ሞተር ማስነጠስ የጀመረ ጊዜ ሚስታቸው፣ እኔ አክስቴ የምላት ዱጃ፣ ቁልፉን ባትደብቅባቸው ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «አንቺ ብቻ አፍስሺው» ይላሉ። «ዘይቱ መንገዱን ያውቃል!»

የእኔ እንጀራ ደግሞ ካንሰርን መቀለብ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በትንንሽ ሳህኖች የሚኖሩ የጡት ካንሰር ሴሎችን ዘይትና ቅባት የተሠሩባቸውን የስብ አሲዶች እናበላቸዋለን። የትኛው እንደሚያወፍራቸው፣ የትኛው እንደሚገድላቸው እናያለን። ይህን ለሲ ሽድሊ የነገርኳቸው ቀን ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ። በማግስቱ ጠርሙሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ጠብ አድርጊበት!»

«ሲ ሽድሊ፣ ሴሎቹ ያሉት ውኃ ውስጥ ነው። ዘይት ይንሳፈፋል።»

«የሱቁ ይንሳፈፋል። የኔ አይንሳፈፍም።»

ጠብ አደረግኩላቸው። ተንሳፈፈ። ጎንበስ ብለው ትክ ብለው አዩትና፣ «ውኃችሁ ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

በዚያው ክረምት አክስቴ ዱጃ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ካንሰር ሆነ። ሐኪሞቹ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዙላት። ከመጀመሪያው በኋላ አስመለሳት፤ ፀጉሯም ትራሷ ላይ ቀረ። ያኔ ሲ ሽድሊ ጠርሙሳቸውን ይዘው እኔ ቤት መጡ።

«ይኼ መርዝ ነው፣ ልጄ። ለምን አሠቃያታለሁ? በዘይቴ ላድናት እችላለሁ።»

አክስቴ ዱጃም፣ «እሱ እንዳለ ይሁን፣ ደክሞኛል» ትል ጀመር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኞ ነበር። ፈራሁ። እኚህ ሰው ለማንም የማይበገሩ፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ያለቻቸው!

«አንቺ አይተሽ ዘይቱ ካንሰሩን አይገድለውም ካልሽኝ» አሉኝ፣ «አምንሻለሁ። ማንንም አምኜ አላውቅም፤ አንቺን ግን አምናለሁ።»

ለካ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ይህንኑ እያየን ኖሯል! የወይራን ዘይት ዋና የስብ አሲድ ለብቻው አውጥተን፣ ሴሎቹ እንዲውጡት ከፕሮቲን ጋር አጣብቀን ሰጥተናቸው ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። በፓልም ዘይት ውስጥ የሚበዛውን ብቻ የበሉት ኩርምት ብለው ሞተዋል። የዓሣ ዘይቱን የበሉትም ብዙዎቹ አልቀዋል። የወይራውን የበሉት ግን ሆዳቸው በሚያብረቀርቁ የቅባት ጠብታዎች ተሞልቶ በሰላም ተቀምጠዋል። የፓልሙንና የወይራውን አንድ ላይ የሰጠናቸውስ? መሞት የነበረባቸው ሁሉ በሕይወት አሉ! የወይራው ገዳዩን ስብ እየጎተተ ጠብታዎቹ ውስጥ ቆልፎበታል። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ዓይን ማየት ያስጮኻል፤ ጮኼም ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«አዳናቸው! ዘይቱ አዳናቸው!»

ሲ ሽድሊ ለካ አግዳሚው ላይ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ኖሯል። ብድግ አሉ። «አላልኩሽም? አላልኩሽም! ማንን ነው ያዳነው?»

«ካንሰሩን» አልኳቸው።

አስገብቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አልነቅል አሉ።

«መንገዱንስ ዐወቀ» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱን ነው የሳተው።»

«ሳህን ሰው አይደለም፣ ሲ ሽድሊ። ሰው ጉበት አለው፣ ደም አለው። አክስቴ ዱጃን ዘይቱ ጎዳት ማለቴ አይደለም። ጥሩ ምግብ ነው። ግን መድኃኒቷን አይተካም።»

ጠርሙሳቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሰኞ» አሉ፣ «በስንት ሰዓት ነው ቀጠሯችን?»

ግማሽ እምነት የሚባል ነገር አያውቁምና፣ ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ መቆያ ክፍል መከራውን አየ። «ዘይት ለዳቦ፣ መርፌ ለካንሰር!» እያሉ ከወንበር ወንበር ይዞሩ ነበር። «በዓይኔ አይቻቸዋለሁ! ሆዳሞች ናቸው! ዘይቴን በልተው እንዴት እንደ ወፈሩ ብታዩ!» አንዲት ሴትዮ መድኃኒቷን ትታ ጥቁር አዝሙድ በማር ልትጀምር መሆኑን በሰሙ ጊዜ፣ ስሟ እስኪጠራ አጠገቧ ተቀምጠው ጠበቋት። ነርሶቹ እሳቸው ሲመጡ ይሸሿቸዋል፣ ሲቀሩ ደግሞ «ሲ ሽድሊ ደኅና ናቸው?» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ራሰ በራቸው ማብረቅረቁን ተወ። ማሰሮዎቻቸውንም አንድ በአንድ እያንከባለሉ እኔ ዕቃ ቤት አስገቡና ቁልፉን እኔው እንድይዘው ሰጡኝ።

«ዘይቱን ተቀየሙት እንዴ?» አልኳቸው።

«ከመድኃኒቱ ወዲህ ሽታው ያስመልሳታል» አሉ፣ ወዲያ እየተመለከቱ። «እንቁላል በውኃ ተቀቅሎም ይበላል። ሰው ለምዶት ነው እንጂ።»

ሲኒ ሙሉ ዘይት የሚጨልጡት ሰውዬ! ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ።

የወይራ ለቀማው ዳግመኛ ሲደርስ አክስቴ ዱጃ ሕክምናዋን ጨርሳ ነበር፤ ሐኪሞቹም ደስ የሚል ነገር ነግረዋታል። እሷ ግን ምግብ አሁንም ገፋ ገፋ ታደርጋለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የላብራቶሪው በር ሊገነጠል ሆነ። ሲ ሽድሊ ናቸው፤ ጠርሙስ የለ፣ ጫማም በእግራቸው የለ።

«ጠየቀችኝ! ዘይት ጠየቀችኝ! ራሷ! ‹ሽድሊ፣ ዳቦዬን የምነክርበት እዚህ ቤት የለም ወይ?› አለችኝ! ቁልፉን! ቁልፉን አምጪ!»

ጋውኔን ሳላወልቅ ተከትያቸው ሮጥኩ። አንዱ ማሰሮ ወደ ጓዳቸው ተመለሰ፤ ዘይቱም ሳህን ላይ ፈሰሰ። አክስቴ ዱጃ ዳቦዋን ቆረሰች፣ ነከረች፣ አላመጠች። እኔና ሲ ሽድሊ ማይክሮስኮፕ ላይ እንደ ተደፋን ሁሉ አፏ ላይ አፍጥጠን ቆመናል።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች። «ጨው አምጡ።»

ሲ ሽድሊ ጨው ሊያመጡ ሮጡ። ከጓዳ ሲመለሱ ራሰ በራቸው ያብረቀርቅ ነበር።