የሁለት ሚኒባሶች ውህደት

ሰው ሲያረጅ የሚረሳው ይበዛል፤ የሚያሳስበው ግን አይቀንስም። እኔም እዚህ የትኛው ቀን የትኛውን እንደቀደመ ላዛባ እችላለሁ፤ ስለ ሚኒባሴ ግን አልሳሳትም። የእርጅናዬ እንጀራ እሷ ናት። አሰላ ግቢዬ ውስጥ ጎማዋን ሳልዳብስ፣ ሸራዋን ሳላለብስ ተኝቼ አላውቅም።

የዲክሲሱ ወዳጄ ሐጂ ከድርም አንድ ሚኒባስ አላቸው። በአንድ መስመር መንገደኛ ስንሻማ ኖረናል። አዲስ አበባ አየር መንገድ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ለበዓል መጥታ፣ ውጭ አገር ሲፎካከሩ የነበሩ አየር መንገዶች እንዴት እንደተዋሃዱ አስረዳችን። ከላይ አንድ እናት ድርጅት ይቀመጣል፤ ከሥሩ እያንዳንዱ ስሙንና ቀለሙን ይዞ ይበራል። መለዋወጫ በጋራ ይገዛሉ፤ አንዱ መንገደኛውን መሃል ላይ አውርዶ ለሌላው ያቀብላል። የሚያድጉትም እንዲህ ነው አለች።

ሐጂ እኛስ ከማን እናንሳለን አሉ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዬ ማታ የት ታድራለች? «ኧረ አቦ፣ ደጅህ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ።

ተስማማን። የእኔዋ ከአሰላ፣ የሳቸው ከዲክሲስ ተነስተው ሁሩታ ይገናኛሉ፤ መንገደኛ ተለዋውጠው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። እናት ድርጅታችንም ሁሩታ መናኸሪያ ያለች አግዳሚ ወንበር ሆነች፤ እኔና ሐጂ በክብር ተሰየምንባት።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም መኪኖች ሞልተው መጡ። ውረዱ ተባለ። ከጣሪያ ላይ ገብስ ወረደ፣ ድንች ወረደ፣ ዶሮ ወርዶ አመለጠ። መስኮት አጠገብ የነበረው መስኮቴን አለ። አየር መንገዶቹ ዶሮ እንዴት እንደሚያቀባብሉ ልጅቷ አልነገረችንም! አንዲት እናት ግን ንቅንቅ አልል አሉ።

«ያ ረቢ! አባባ፣ እኔን ከነድንቼ ከምታወርዱ ሹፌሮቹን ብታለዋውጡ ምን አለ? እነሱም ቤታቸው ይገባሉ፣ እኛም በተቀመጥንበት እንደርሳለን።»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። እናት ድርጅቱ ተያየ። ሹፌሮቹ ተለዋወጡ፤ የእኔዋ ሚኒባስ በሰው ሹፌር ወደ ዲክሲስ አቀናች።

እውነቱን ልናገር፣ ሥራው ደራ። ሹፌር አይደክም፣ ወንበር ባዶ አይሄድ። የትኛዋ መኪና የት እንደምታድር ግን ማንም አያውቅም። ሐጂ ደግሞ የሮቤውን ባለመኪና ጨምረን እንደግ ብለው እሱንም አስገቡት።

ስለ መኪናዬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ሐጂ ደወሉና ሮቤ እንደምታድር፣ ደህና እንደሆነች ነገሩኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግቢዬ ያለችውን የሳቸውን መኪና ሸራ አልብሼላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።