የጋትሉዋክ ግንባር

ትልቅ ካሜራ ያለው ሰውና ፒካፕ መኪና ያለው ሰው ዕጣቸው አንድ ነው፤ ንብረቱ በስማቸው ይሁን እንጂ የራሳቸው አይደለም። ባለፒካፑ ፍሪጅ ለሚያዛውር ዘመድ ሁሉ ይጠራል፤ ባለካሜራዋም ለቀለበት፣ ለልደት፣ ለምረቃ ትጠራለች። ልዩነቱ ባለፒካፑን «መሪውን እንዲህ ያዝ፣ ማርሹን አሁን ቀይር» የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። ባለካሜራዋን ግን የማያዛት የለም። በተለይ ዝምተኛ ከሆነች።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ ስሜን ከማወቃቸው በፊት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምቀመጥበትን ጥግ ያውቁ ነበር። ጁባ መጥቼ በአንድ አስመጪ ቢሮ ሥራ ስጀምር ወደ አገሯ ከምትመለስ ባልደረባዬ ይህን ካሜራ ገዛሁና፣ እንደ ልማዴ፣ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ማንበቤ አልነበረም ጥፋቱ። ማንበቤን አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአንዲት እህት መናገሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የጉባኤው ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ፤ ጉባኤው በሙሉ ደግሞ የእኔ አስተማሪ።

ቀትር ላይ የኮፍያው ጥላ የሰውየውን ዓይን ሲውጥበት ያንን ጥላ ልገፋ ፍላሽ አበራለሁ። «ፀሐይ አለ እኮ፣ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ሲመሽ፣ ዘማሪዎቹ ከመድረክ እኔ ከበሩ አጠገብ ሆነን፣ ፍላሹን አጠፋለሁ። «አብሪ እንጂ፣ ጨልሟል!» ይሉኛል። እስቲ አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ። ካሜራው አናት ላይ ያለችው ፍላሽ ብርሃኗ ጥቂት ተጉዞ ይደክማል፤ በእሷ መድረክ ለማብራት መሞከር ክብሪት ጭሮ ናይልን ለማየት እንደ መሞከር ነው። ቅርብ ያለውን ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ትመታውና ፊቱን እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። አፍንጫውም ጉንጩም ይተኛሉ፤ ላቡ ብቻ ቆሞ ያብረቀርቃል።

ከፍላሹ የባሰው ግን የብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ዓለምን ሁሉ ግራጫ ማድረግ የሚፈልግ ነገር አለ። ነጭ ግድግዳ ስታሳዩት «በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ጥቁር በር ስታሳዩት «አንሷል» ብሎ ያገረጣዋል። ክፋት የለበትም፤ መካከለኛ ነገር ብቻ ነው የሚያምነው። ስለዚህ ነገሩ የተገለበጠ ቢመስልም፣ ለነጭ ብርሃን ጨምሩለት፣ ለጥቁር ቀንሱለት። ነጩና ጥቁሩ አንድ ላይ ቢቆሙስ? መመሪያው እዚህ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል።

እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። ማህሌት አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ናት፤ ካስተም ገበያ ውስጥ መዋቢያ ትሸጣለች። እሷ ደግሞ ቀይ ናት። እጮኛዋ ጋትሉዋክ ጋምቤላ ያደገ ኑዌር ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል፣ ከቁመቱ የተነሣ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ መልኩም ማታ ላይ ጥርሱ የሚቀድመው ዓይነት ጥቁር ነው። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄዱ መስመሮች አሉ። በልጅነቱ፣ መንደራቸው ውስጥ፣ እንደ ሕዝቡ ልማድ ወንድ ሆነሃል ተብሎ የተቀረጹ ናቸው።

የማህሌት አባት አባባ ወልዴ ሆሳዕና ናቸው። ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ ነው ያሳለፉት፤ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ጁባ ሊመጡ አይችሉም። በቪዲዮ ቢያዩትም መስመሩ ስለሚቆራረጥ «አንዴ ጣሪያ ነው፣ አንዴ አፍንጫ ነው፣ ይህ ሰው መቼ ነው አንድ ላይ የሚሰበሰበው?» ብለው ተዉት። «ፎቶውን ላኩልኝ፤ አሳጥቤ፣ በእጄ ይዤ ልየው። ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። አባቷ እሺ ካላሉ ማህሌት አታገባም። የከለከላት የለም፤ እሷ እንደዚያ ናት።

ስለዚህ በቀለበቱ ቀን ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ግቢ፣ ሸራ በተወጠረበት ጥላ ሥር፣ የጓደኛዬ ትዳር ጣቴ ላይ ወደቀ። ፍላሹን ፊት ለፊት ላለማብራት ወደ ላይ አዞርኩት፤ ብርሃኑ ከጣሪያ ተመልሶ እንደ ዝናብ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። መመሪያው «ነጭ ጣሪያ» ይላል። የእኛ ሸራ ሰማያዊ ነበር። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከወንዝ የወጡ አስከሬኖች መሰሉ።

በዚህ መሃል አንድ ወንድም «ላቡን ያጠፋልሻል» ብሎ ከካስተም የገዛውን ፖላራይዘር ፊልተር አቀበለኝ። ዝምተኛ ሰው የተቀበለውን ይጠቀማል። ይህ ፊልተር የሌንስ የፀሐይ መነጽር ማለት ነው፤ ውጭ፣ ውኃና ሰማይ ባለበት፣ ነጸብራቅ ቀንሶ ደስ ያሰኛል። ጥላ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚሄድ ሰው ግን ይደናቀፋል። ፎቶዬም ተደናቀፈ፤ ቀለበቱን የሚያጠልቀው እጅ ጭስ መሰለ።

ያኔ ቤቲ መጣች። ቤቲ የማህሌት የአክስት ልጅ ናት፤ የውበት ሳሎን አላት፤ ድምፅም አላት። «ራሂ፣ ምንድን ነው የምታወሳስቢው? ፊት ለፊት አብሪና አንሺ» አለች። አበራሁ፤ አነሳሁ። ማህሌት ደህና ወጣች። ጋትሉዋክ ግን የማህሌት ነጭ ቀሚስ መለኪያውን ስላስደነገጠው ጨልሞ፣ ፍላሹ ስለመታው ግንባሩ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ መስመሮቹም ደብዝዘው ወጡ።

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች ቤቲ። ፎቶውን ወደ ስልኳ አሳለፈችና ቆዳ የሚያለሰልሰውን ፊልተር በጣቷ ነካ አደረገችው። ጋትሉዋክ ነጣ፤ ለሰለሰ፤ መስመሮቹንም ስልኩ የእርጅና ሽብሽብ መስለውት ጠራርጎ አጠፋቸው። እኔ ዞር ስል ፎቶው ሆሳዕና ገብቷል።

ጋትሉዋክ ማታ አየው። «እናቴ ይህን ብታይ የማን ልጅ ነው ትላለች» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እነዚህ ሲቀረጹ ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወርዷል። ቤቲዬ በአንድ ጣት አጠፋቻቸው።»

«ለአንተው ብዬ ነው እኮ!» አለች ቤቲ። «ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ይደነግጣሉ።»

አባባ ወልዴ ዝም አሉ። ማህሌት ስትደውል «እያሰብኩበት ነው» ይሏታል፤ ስለ ዝናቡ ይጠይቋታል፤ ይዘጋሉ። ልጅቷ መብላት ተወች። ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ የከንፈር ቀለም ስትሰጥ መልስ መስጠት ትረሳለች። ጉባኤው ግን አልተቸገረም፤ ምክንያቱን አገኘው። አንዱ «ጥቁረቱ ነው» አለ፤ ሌላው «አይ፣ ዘሩ ነው» አለ፤ ሦስተኛዋ «የድሮ ሰው መቼም» ብላ ተነፈሰች። ያልተናገሩ አንድ ሰው ቢኖሩ አባባ ወልዴ ነበሩ። ቤቲም «ይበልጥ ባነጣው ኖሮ» እያለች ተጸጸተች።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ዝምተኛ ሰው ሲቆጣ ድምፁ አይወጣለትም፤ ስለዚህ ቁጣዬን የገለጽኩት ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ማህሌትንና ጋትሉዋክን ቀስቅሼ ነው። ጁባ ውስጥ ትልቅ ካሜራ አንግቶ መንገድ ላይ መታየት ጥያቄ ይጠራልና በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩት። ረጃፍ፣ ወንዙ ዳር፣ የጋትሉዋክ ጓደኛ እርሻ አለችው፤ በተነገረው ሰዓት በሩን ከፈተልን። ዳር ላይ የጀልባ ገመድ የሚፈታ አንድ ዓሣ አጥማጅ ካሜራውን አየና በጁባ ዓረብኛ «ሱራ? ኩዋይስ» ብሎ ሄደ፤ ፎቶ ከሆነማ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ምክር ሳይሰጠኝ ካሜራዬን ያየ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ከጎን ትመጣ ነበር። ፍላሽ አላበራሁም። ፊልተሩንም ኪሴ ከተትኩት። ጋትሉዋክን ብርሃኑ በጉንጩ በኩል እንዲያልፍ አድርጌ አቆምኩት፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እያንዳንዷን መስመር በጥላ ያነሳታል። መለኪያው መላውን ፎቶ እንዳያይ አጠበብኩትና ነጥቡን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ ትንሽ ቀነስኩለት፤ ካልቀነስኩለት ሰውዬውን ግራጫ ሊያደርገው ነው። ማህሌት በነጭ ቀሚሷ አጠገቡ ቆመች። እሷን አላየሁም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ፎቶው ወጣ። ጋትሉዋክ፣ ጋትሉዋክ ነበር።

ቤቲ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይህን ካዩማ አበቃ። ራሂ፣ ትንሽ ብቻ ላለስልሰው።»

«አይሆንም» አልኩ። እኔ ራሴ ድምፄን ስሰማው ዞር ብዬ ማን እንደተናገረ ልፈልግ ምንም አልቀረኝም። ማህሌት ሁለታችንንም አየችን፤ ከዚያ ጋትሉዋክን አየችው፤ ከዚያ ላከችው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሳንቀመጥ አባባ ወልዴ ደወሉ። ማህሌት ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ይህ አሁን የመጣው ማነው?»

«ጋትሉዋክ ነው፣ አባባ።»

«የፊተኛውስ?»

«እሱም ጋትሉዋክ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«የፊተኛው እኮ ግንባር የለውም» አሉ። «እኔ ከብት ስገዛ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ያረጀ በሬ ቀንዱን ፍቀው፣ ጠጉሩን ቅባት ቀብተው፣ ወይፈን ነው ብለው የሚያመጡ አሉ። ያ ፎቶ ሲመጣ እናትሽን፣ ይህን ሰው አንድ ነገር ቀብተውታል፣ የሚደብቁት ነገር አለ አልኳት። ምን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

ጋትሉዋክ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ የተደበቀው ግንባሬ ነው። ሌላ የለም።»

«ይህ ምኑ ይደበቃል? ሲሠመርልህ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ልጅ ነበርኩ።»

«ጮኽክ?»

«አልጮኽኩም።»

«እሺ» አሉ አባባ ወልዴ፤ ቀጥለውም መንደራቸው ውስጥ ምን ዓይነት ከብት እንዳለ ጠየቁት። ስለ ቀንድ ተነሣ። ስለ ሻኛ ተነሣ። ስለ አንድ ቡሬ በሬ ብዙ ተባለ። ማህሌት ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከስንት ጊዜ በኋላም የቀረበላትን በላች። ቤቲ ጥፍሯን ታይ ነበር። እኔም ብሆን ጻድቅ አልነበርኩም፤ ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ «ጥቁረቱ ነው» ሲባል ከሰሙት፣ ዝም ብለውም ካመኑት አንዷ ነኝ። የቀባነው እኛ፣ የታሙት እሳቸው።

በመጨረሻ መረቁ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ሁላችንም አሜን አልን። «የሠርጉን ቀን ቁረጡ» አሉ። ልንዘጋ ስንል ታዲያ፣

«ግን» አሉ፣ «ልጄን ምን ነካት? ዱቄት ውስጥ ነው እንዴ ያቆማችኋት? ቀሚሷም አይታይ፣ አንገቷም አይታይ። ማነው ይህን ያነሳው?»

ሦስት ራስ ወደ እኔ ዞረ። ማህሌት ፎቶውን እንደገና ከፍታ፣ በሁለት ጣት አስፍታ አየችው። ጋትሉዋክን ብቻ ስታይ ከርማ ራሷን ያየችው ያኔ መሆኑ ነው። «ውይ» አለች፤ «እውነትም ጥልፌ ጠፍቷል።»

እንግዲህ ጀማሪዎች ሆይ፣ ነጭ ቀሚስና ጥቁር ፊት አንድ ላይ ሲመጡባችሁ ለፊቱ ለኩ፤ ወቀሳውን ከቀሚሱ ባለቤት ተቀበሉ። ሌላ መላ የለም ማለቴ አይደለም። ነጭ ጨርቅ ይዞ ብርሃን የሚመልስላችሁ፣ አፉንም የሚዘጋ ሰው ካገኛችሁ ሁለቱም ይወጣሉ። እኔ እስካሁን ጨርቁን የሚይዝ እንጂ አፉን የሚዘጋ አላገኘሁም።

ለሠርጉ ሌላ ፎቶ አንሺ ተይዟል። የቤቲ ምርጫ ነው፤ ጥልፍ አጉልቶ በማውጣት የታወቀ ነው አሉ፤ ፍላሹም ትልቅ ነው። አልተቀየምኩም። ጋትሉዋክን ብቻ በራችን ላይ ጠበቅኩና፣ በሠርጉ ዕለት ማንም ምንም ቢለው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣለት ከመስኮት አጠገብ እንዲቆም ነገርኩት።