ክብርት ወይዘሮ አንዴ-ብቻ

«በቃኝ» ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው የሌለበት ሥራ ቤት የለም፤ ቤተሰብም የለም፤ ሰፈርም የለም። «እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው።

በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ልብስ ስፌት ውስጥ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው ጨርቅ ቆራጯ ናት። ሙሉ ማዕረጓ ክብርት ወይዘሮ አንዴ-ብቻ ነው። ማዕረጉን የሰጣት የባሏ ወንድም ሲሆን፣ እሱ እዚያው ካውያ ላይ ስለሚሠራ ሁሉም ባለካውያው ይለዋል። በዕድሜ ስለምትበልጠው አዘውትሮ «እትዬ» ነው የሚላት። ማዕረጓን የሚጠራው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዳይሱ ሲወጣ ብቻ ነው።

ዳይሱን ያመጣው ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ነበር። ሱሪው ልክ ሆኖ ስላገኘው ደስ ብሎት አንድ ጨዋታ በስጦታ ሰጣቸው። ጨዋታውን ለጨዋ ሰው ማስረዳት ትንሽ ያሳፍራል። ተጫዋቹ ሁሉ ዞምቢ ነው፤ ማለትም ሞቶ የተነሣ፣ የሰው አንጎል ካልበላ የማይጠግብ ጉድ። በየፊቱ አንጎል፣ ዱካ ወይም ጥይት የተሳለበት ዳይስ ከጣሳ ሦስት ሦስት እያወጡ መወርወር ነው። አንጎል ከወጣ በላህ። ዱካ ከወጣ ሰውዬው አመለጠህ። ጥይት ከወጣ ተመታህ። በፈለግህበት ላይ አቁመህ የበላኸውን ማስያዝ ትችላለህ፤ ሳታቆም በአንድ ተራ ሦስት ጥይት ከቆጠርክ ግን በዚያ ተራ የበላኸው ሁሉ ካፍህ ይወጣል። አሥራ አምስት አንጎል የሞላ ሰው ሲገኝ የቀሩት አንድ አንድ የመጨረሻ ተራ ይሰጣቸውና ብዙ የበላው ያሸንፋል። የዳይሱ ካርቶን ከተቀደደ ቆይቷል፤ አሁን የሚቀመጠው አሮጌ የቁልፍ ጣሳ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት መቀስ ስትይዝ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጨርቁን ትለካለች። በጠመኔ ታሰምራለች። እንደገና ትለካለች። ባለካውያው «እትዬ፣ ጨርቁ እኮ አያድግም» ሲላት፣ ለእሱ ብላ ሦስተኛ ትለካለች። ሜትሯን ማንም አይነካም። አንድ ጊዜ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ የመጋረጃ ስፋት ልትለካበት ብታነሳው፣ ሳምንቱን ሙሉ «ረዘመብኝ» እያለች ስትጠራጠረው ከረመች።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያቺ ሴት ወዴት እንደምትሄድ እግዜር ይወቅ። አምስት አንጎል በልታ፣ ሁለት ጥይት ፊቷ ተደርድሮ፣ ባለካውያው ይለምናታል።

«ይብቃሽ እትዬ።»

«አንዴ ብቻ።»

ሦስተኛው ጥይት ከተፍ ይላል። አምስቱም አንጎል ይሄዳል። እሷ ግን እንባዋ እስኪወርድ ስቃ ጣሳውን ለቀጣዩ ታቀብላለች። አንድ ቀን እንዲያውም አሥራ አራት አስይዛ፣ አንድ አንጎል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦላት፣ የቀራት «አቆምኩ» ማለት ብቻ ነበር። ቁልፍ ተካይዋ ልጅ ጨዋታው አለቀ ብላ ዳይሱን መሰብሰብ ጀምራ ነበር። ክብርት ወይዘሮ እጇን ያዘቻት። «ቆይ፣ አንዴ ብቻ።» የሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ባለካውያው ደግሞ ሁለት አንጎል ከበላ ጠግቦ የሚነሣ ሰው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ዳይሱን እያስቀመጠ።

«እንቁላልህ እግር እስኪያበቅል ሌላው ዞምቢ አገሩን በልቶ ይጨርሰዋል» ትለዋለች።

አንድ ቀን የምሩን ጠየቃት። ሥራ ላይ እንደዚያ የምትጠነቀቅ ሰው፣ ጨዋታ ላይ ምን ነካት? «ቀኑን ሙሉ እየፈራሁ ነው የምቆርጠው» አለችው። «ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ዳይሱ ግን ይመለሳል።» እሱም ከዚያ ወዲህ «ይብቃሽ» ማለቱን ባይተውም፣ ድምፁን ቀነስ አደረገ።

ጥንቃቄዋ የከረረው በአንድ ሙሽራ ኮት ነው። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፤ ቀንም ማታም በፍሎረሰንት ነው የሚሠራው። በዚያ መብራት ደግሞ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መንታ ናቸው። ሙሽራው ኮቱን ውስጥ ለክቶ፣ አመስግኖ፣ ይዞ ሄደ። በሠርጉ ቀን ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን አንዱ እጅጌው ጥቁር፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ልኩ ውልፍት አላለም፤ ሦስት ጊዜ የተለካ ነውና። ሙሽራው ሰው ሆኖ ሳቀበት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ጨርቅ ተሸክማ ደረጃውን ወጥታ፣ የሕንፃው በር ላይ ቆማ ቀለሙን ታያለች። ሲዘንብ ጨርቁን በሻርፗ ትሸፍንና እሷ ትረጥባለች። ስትወጣም ረጥባ ስትመለስም ባለካውያው ከካውያው ጀርባ ያያታል።

በዚህ መሃል ፎቅ ላይ መንገዱን የሚያየው፣ ግድግዳው በሙሉ መስኮት የሆነው ክፍል ተለቀቀ። ልብስ ሰፊዎቹ ፈለጉት። ጎናቸው ያሉት ጫማ ሰሪዎችም የማስቲሽ ሽታ ሊገድላቸው ነውና ፈለጉት። የሕንፃዋ ባለቤት «ወይ ተስማሙ፣ ወይ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ» አለች። ተከራከሩ፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ አልተስማሙም። ጫማ ሰሪዎቹም ምሳ ሰዓት ዳይሱን እየተዋሱ የሚጫወቱ ዞምቢዎች ስለሆኑ፣ መጨረሻ ላይ ከየቤቱ አንድ ተጫዋች ይውጣና ጣሳው ይፍረደን ተባባሉ። እኩል ከወጡ በማግስቱ ይደገማል።

ልብስ ሰፊዎቹ ተጫዋች ሲመርጡ ማንም ወደ ቆራጯ ዞር አላለም። ባለካውያውን መረጡ። «ልክ ናችሁ» አለች፤ ጠመኔዋን መልቀም ጀመረች። ክፍሉን ከሁሉም አብልጣ የምትፈልገው እሷ እንደሆነች የሚያውቀው ባለካውያው፣ የዚያን ቀን አንድ ሸሚዝ ሊያቃጥል ምንም አልቀረውም።

ጨዋታው የተካሄደው በእሷው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለካውያው እንደ ልማዱ ሁለት እየበላ፣ እያስያዘ፣ አፉን እየጠረገ ተጓዘ። የጫማ ሰሪዎቹ ተጫዋች ሶል ለጣፊው ግን ደፈር ያለ ሰው ነበርና ድንገት አሥራ ስድስት ላይ ተገኘ። ባለካውያው ዘጠኝ ላይ ነው። አንድ የመጨረሻ ተራ ቀርቶታል። ለማሸነፍ በአንድ ተራ ስምንት አንጎል መብላት አለበት፤ እሱ ደግሞ በዕድሜው ከሦስት በልጦ አያውቅም።

ጣሳውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። እዚያ ቤት ውስጥ ስምንት አንጎል የመብላት ሆድ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል።

«እትዬ ትወርውርልኝ» አለ።

ቁልፍ ተካይዋ ልጅ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ሶል ለጣፊው «ተጫዋች መቀየር የለም» ብሎ ተነሣ። አለቃው፣ ሽማግሌው ጫማ ሰሪ ግን ፈገግ አለና ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። «ተው፣ ፍቀድላቸው። እሷማ የእኛ ተጫዋች ናት።»

ክብርት ወይዘሮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች። መጀመሪያ ሦስት አንጎል። ቀጥሎ አንድ አንጎልና አንድ ጥይት። ቀጥሎ ሁለት አንጎል። ቀጥሎ አንድ አንጎልና ሁለተኛው ጥይት። ሰባት በላች፤ አሥራ ስድስት ለአሥራ ስድስት። አንድ ጥይት ከተጨመረ ሁሉም ይሄዳል፤ ክፍሉም ይሄዳል።

«እኩል ሆናችኋል» አላት ሽማግሌው። «አቁሚና ነገ እንድገመው።»

ሁሉም «አንዴ ብቻ» እስክትል ጠበቀ። አላለችም። የቀሩትን ዳይሶች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ሦስተኛ ቆጠረች። ባለካውያው ያን ጊዜ ገባው፤ ይሄኛው ዳይስ የማይመለሰው ዓይነት ነው፤ እንደ ጨርቅ እየለካችው ነው።

ቀና ብላ አየችው። «ምን ይሻላል ወንድሜ?»

በሕይወቱ «ይብቃሽ» ያላለበት ምሳ የለም። አሁንም ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ግን የረጠበው ሻርፕ ትዝ አለው፤ ጨርቅ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ትዝ አለው፤ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ቀለም ለማየት ብላ እንድትረጥብ አልፈለገም።

«አንዴ ብቻ፣ እትዬ» አለ።

ወረወረች። ዱካ። ዱካ። ሦስተኛው ከጠረጴዛው ጠርዝ ዘለለና ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበት ውስጥ ገባ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለዳይሱ ይቀርብ የነበረው ሽማግሌው ጫማ ሰሪ ነው። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«አንጎል ነው» አለ። ሌላ ሰው ሳያየው «ጥይት ነው» ማለት ይችል ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ክፍሉን ከገቡበት ቀን ጀምሮ የእሱን ሱሪ በነፃ ነው የሚያሳጥሩት።

መስኮቱ ሥር መጀመሪያ የተሠራው፣ ሙሽራው እንዲስተካከልለት የመለሰው ኮት እጅጌ ነው። ጥቁሩንና ሰማያዊውን ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው፤ አሁን ዘመድ እንኳ አይመስሉም። ሦስት ጊዜ ለካች። ከዚያ ማንም የማይነካውን ሜትር ለባለካውያው ዘረጋችለት። «አንተ ደግሞ አንዴ ብቻ ለካልኝ።» ለካ። ልክ ነበር፤ መቼ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል?

ሙሽራው መጥቶ ኮቱን ለበሰና መስኮቱ ጋ ቆሞ ሁለት እጁን ወዲያና ወዲህ አገላበጠ። «ማነው የቆረጠው?» አለ።

«የወንድሜ ሚስት» አለ ባለካውያው አፉን ሞልቶ። ሰውዬው ያልጠየቀውንም ጨመረለት፤ በአንድ ተራ ስምንት አንጎል እንደበላች፣ እንዲህ ያለ ሴት በሌላ ስፌት ቤት እንደማይገኝ ነገረው። ሙሽራው ከሁለቱ ለየትኛው መደነቅ እንዳለበት ሳያውቅ ኮቱን እንደለበሰ ወጣ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ክብርት ወይዘሮ አንዴ-ብቻ ዘጠኝ አንጎል በልታ፣ ሁለት ጥይት ፊቷ ተቀምጦ፣ ሦስተኛውን ተቀብላ ሁሉንም ከሰረች። ባለካውያው «ይብቃሽ» አላላትም። ጣሳውን ያቀበላት እሱ ነበር።