ባዶ ካሜራ፣ ባዶ ጠመንጃ

ነገሬ የተበላሸው ቅዳሜ ነው። ቀኑን ሰው ሲሳሳትብኝ አልወድም። የሚያውቁኝ ሰዎች ታሪኬን ለሌላ ሲያወሩ «ዓርብ ቀን ነው የተያዘው» ይላሉ። ዓርብ ምንም አልሆንኩም። ዓርብ ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበረች። ቅዳሜ ጋፋት ወጣሁ፤ ቅዳሜ አለቀልኝ።

እናንተማ ዛሬ ፎቶ ቀሏችኋል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ጣት ታሳርፋላችሁ፣ ምሳችሁን ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ትበሉታላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ደባብሳችሁት ታውቃላችሁ? ምኑ ይደባበሳል? የታጠበ ሳሙና ነው።

የእኔዋ ሌላ ነበረች። ከባድ ናት፤ አንገት ላይ ስትንጠለጠል እዚያ እንዳለች አትረሳም። ጠዋት ስትይዟት ትቀዘቅዛለች፣ ትንሽ ቆይታ የእጃችሁን ሙቀት ትወስዳለች። የቆዳ ማኅደሯ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ በቅሎ ኮርቻ ይሸታል። አናቷ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ መዘውር አለ፤ ስታዞሩት በየቁጥሩ ጠቅ እያለ ይቆማል። ሌንሷ ሲዞር እንደ ረጋ ማር ነው፤ አይቸኩልም፣ አይደናቀፍም። ቀስታውን ቁጥር መርጣችሁ ስትጫኗት ደግሞ ውስጧ ያሉት ጥርሶች እንደ ንብ ዝዝዝ ብለው አጉረምርመው፣ መጨረሻ ላይ ቀጭ። ባትሪ የላት፣ መብራት አትጠይቅ። ያቺን ቀጭ የሰማ ሰው ሁለተኛ መስማት ይፈልጋል። እኔ ፈለግሁ።

ያገኘኋት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ አንድ የውጭ አገር መምህራችን ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል ካፖርቴን ሰጥቼ ከእሱ ተቀበልኳት። አዲስ ካፖርት ነበር። ከዘመቻ መልስ ተመረቅሁና ፊዚክስ ላስተምር ደብረ ታቦር ተመደብሁ። ብርድ አገር ሊሄድ ካፖርቱን በብረት የሚለውጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴም አላየሁም ብላለች።

ብረት መውደድ ግን ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጋፋት ደጃችን ናት፤ መድፍ የተሠራባት። ዛሬ ገብስ ነው የሚበቅልባት።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ፊልም አልነበረኝም። ከካሜራዋ ጋር ያገኘኋትን አንዲት ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት ጨረስኳት። ከዚያ ወዲያ ደብረ ታቦር ብጠይቅ ባሕር ዳር አሉኝ፣ ባሕር ዳር ብጠይቅ አዲስ አበባ አሉኝ፣ አዲስ አበባ ሰው ልኬ ባስጠይቅ የውጭ ምንዛሪ የለም አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ተውኩትና በባዶዋ ማንሳት ጀመርኩ። ጠዋት ተራራውን አነሳለሁ። ከሥራ ስመለስ የከብቱን አቧራ አነሳለሁ። መዘውሩን እመርጣለሁ፣ ርቀቱን እለካለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ቀጭ።

ፊልም የሌለው ካሜራ ምን ይሠራል? ሁሉም ይህን ይለኛል። በገና የሚደረድር ሰው፣ የትናንቱን ዜማ የት አስቀመጥከው ተብሎ ይጠየቃል?

የተከራየሁት ቤት ባለቤት መሪጌታ ላቀው የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ፎቶ ማንሳቴን እንጂ ፊልም ማጣቴን አያምኑም። የቡሄ ዕለት ካባቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«በል አንሳኝ» አሉ።

«መሪጌታ፣ ፊልም የላትም እኮ። ባዶ ናት።»

«አንተ አንሳኝ እንጂ። የሚመጣው ይመጣል።»

ፊልሙን ለሹም ቆጥቤ ለእሳቸው የሰሰትኩ ነው የመሰላቸው። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሦስት ጊዜ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ምን ላድርግ? አነሳኋቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያማረ ፎቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በተገናኘን ቁጥር «መጣ?» ይሉኛል። «ባዶ ነበረች» እላለሁ። «እግዜር ያውቃል» ብለው ያልፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ዓመት አለፈና ቡሄም ተደግሞ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ጋፋት ከገብሱ ዳር አንዲት ዋርካ አለች። ብርሃኑ ከጎን መጥቶላታል። ተንበረከክሁ፣ ሌንሷን አዞርኩ፣ ቀጭ። ከኋላዬም ሌላ ቀጭ ሰማሁ። የገደል ማሚቶ መሰለኝ። ለማረጋገጥ ደግሜ ተጫንኳት። ከኋላዬም ተደገመ።

ዞር ስል የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ አያ ደረሰ ናቸው። ጠመንጃቸውን አቀባብለው ቆመዋል።

«አስተማሪ፣ ምን እያነጣጠርህ ነው?»

«ዋርካዋን ነው አያ ደረሰ።»

«ዋርካ ምን አጠፋች?»

ያኔ ዱር የገቡ ሰዎች ነበሩ። ወደ ተራራም ወደ ድልድይም የሚያነጣጥር ሰው ተይዞ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። እጄን ሰቅዬ ፊት ፊታቸው ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ደከማቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እጅህን አውርድ፤ ጥይትም የለው» አሉኝ።

«እንዴት የለውም?»

«ጥይቱን ሰብስበው ወሰዱታ። ሲያስፈልግ ይሰጣችኋል አሉን። እኔ ግን ሥራ እንዳይፈታ አቀባብለዋለሁ።» መቀባበያውን ሳብ አድርገው ለቀቁት። ቀጭ። «እንዲህ ሲል ደስ ይለኛል» አሉ።

ካሜራዬን ሰጠኋቸው። ተጫኗት። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ደግመው ተጫኗት። የእሳቸውንም ጠመንጃ ሰጡኝና አቀባበልኩ። ጥሩ ብረት ነው። እንዲህ እየተቀባበልን ትንሽ ቆየን። ከዚያ አያ ደረሰ ተነሱና አፈሩን ከቁምጣቸው አራግፈው፣

«በል ሂድ፤ እጅህን ስቀል» አሉኝ።

«ጥይት የለውም አላሉኝም?»

«አንተም ፊልም የለኝም ብለሃል። ትእዛዙ ግን አለ።»

እጄ ተሰቀለ። ምን ይባላል?

በማግሥቱ እሁድ ነው። ስብሰባ እሁድ ጠዋት ነበር የሚደረገው፤ ሰው ከማስቀደስ ይልቅ እንዲነቃ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ካሜራዬን በማሰሪያዋ ይዞ ለሕዝብ ከፍ አደረጋት። ሌንሷን በጣቱ ነክቶታል። እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያመኛል።

«ይህ መሣሪያ የየት አገር ነው?»

«የጀርመን።»

«የትኛዋ ጀርመን? የወዳጃችን የምሥራቋ ወይስ የኢምፔሪያሊስቷ የምዕራቧ?»

«ሁለት ከመሆኗ በፊት የተሠራች ናት።»

ጓድ ተሰማ አሰበ። «እንግዲያው የፋሺስቶቹ ነው» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ።

ጀርባዋን ክፈቱት አልኩ። ተከፈተ። ባዶ ነው። ሁሉም አየው። ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። የተማረ ሰው ሞኝነቱ ይህ ነው፤ ማስረጃ ሲያቀርብ ክርክር ያለቀ ይመስለዋል።

«ጓዶች» አለ ጓድ ተሰማ፤ «ባዶ ካሜራ ተሸክሞ ጋፋት ድረስ በእግሩ የሚሄድ የተማረ ሰው አይታችኋል?»

ማንም አላየም። እውነት ነው፣ ከእኔ በቀር የለም።

«ስለዚህ ፊልሙ ነበረ። አሁን የለም። ሄዷል። ጥያቄው ወዴት ሄደ የሚለው ነው።»

ከዚያ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። የግለ ሂስ ዘዴ በዘመኑ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ትንሽ ጥፋት መርጦ ማቅረብ ነው። ለውይይት ክበብ አርፍጃለሁ ይሉና፣ አንገት ደፍተው፣ ተጨብጭቦላቸው ይቀመጣሉ። እኔ ግን እውነቱን ተናገርኩ። ፊልም የላትም፣ የማነሳው ድምፅዋና ብረቷ ደስ ስለሚለኝ ነው አልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ተሰማ አልሳቀም።

«አብዮት እየተካሄደ፣ ጓድ መምህር፣ አንተ የሚሰማህ ቀጭታ ነው?»

አያ ደረሰን ፈለግኋቸው። ጥግ ይዘው ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ቀና አላሉም።

በዚህ መሐል ከኋላ መሪጌታ ላቀው ተነሡ። ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው። ልቤ ሞላ። በዚያ ዘመን ለተከሰሰ ሰው መቆም ቀላል አልነበረም፤ ያውም ለካህን።

«እኔ እማኝ ነኝ» አሉ። «ካሜራው ባዶ ነው።»

«እንዴት ያውቃሉ መሪጌታ?»

«አምና ለቡሄ ካባዬን ደርቤ አንስቶኛል። ይኸው ቡሄ አልፎ ቡሄ መጣ፣ ምስሌ አልመጣም። ቢኖረው ይሰጠኝ ነበር። ልጁ ንፉግ አይደለም።»

ጓድ ተሰማ ፈገግ አለ። ያን ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

«አያችሁ፤ መሪጌታ ተነሥተዋል። ፎቷቸው እሳቸው ዘንድ የለም። መምህሩም ዘንድ የለም። ታዲያ ማን ዘንድ ነው?»

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት፣ ልጄ፣ ማን ዘንድ ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ሆነና ካሜራዬ ለሰፊው ሕዝብ ተወረሰች። እኔ ሐሙሲት ተዛወርኩ። ዝውውሩን ይቅር ብያለሁ። ሐሙሲት ሞቃት ነው፣ ካፖርትም አላስፈለገኝም። ደረጃዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ መቆሙንም ይቅር ብያለሁ። ካሜራዋን ግን አልቻልኩም። ለወራት ቀኝ እጄ ሥራ ፈታ። ጠመኔ ስይዝ ጣቴ መጫኛ ይፈልጋል።

የሚቀጥለው የአብዮት በዓል ጊዜ ሰልፍ እንድናሳምር መምህራኑን በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ወሰዱን። ጓድ ተሰማ መድረኩ ላይ ነው። አንገቱ ላይ የእኔዋ። ሰፊው ሕዝብ ማለት እሱ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። ሰልፉ ሲያልፍ ያነሳል፣ ያጠነጥናል፣ ያነሳል። ሰዉም ፎቶ ነው ብሎ ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን አስተካክሎ ያልፋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልም ያለው ካሜራ ሲጠነጠን፣ በሌላው ጎን ያለችው ትንሽ እጀታ አብራ ትዞራለች። ፊልሙ ይስባታላ። መድረኩ ሥር ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ። እጀታዋ አትዞርም። ደግሜ አየሁ። አትዞርም። ባዶ ነበረች።

ከዚያ ፊቱን አየሁት። ቀስታውን ቁጥር መርጧል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በዚያ ሁሉ ከበሮ መሐል፣ ንቧን ያዳምጣል። ቀጭ ስትል ዓይኑን ከደን አደረገ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የእኔ ፊት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጓድ ተሰማም በተራው ተገመገመና ወረደ። ማን አልወረደ? ጉልበቱንም በሽታ ያዘው አሉ። አንድ ቀን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ስታጠብ፣ እንፋሎቱ ገለል ሲል ፊት ለፊቴ እሱ ተዘፍዝፏል። ፍል ውሃ ውስጥ ጓድ የለም፤ ሁሉም ራቁቱን ነው። አንተ አልኩት።

«ተሰማ፣ ካሜራዬ የት ደረሰች?»

«የትኛዋ?»

«ከጋፋት የተያዘችው።»

ፊቱን በውሃ አበሰ። «እ፣ እሷ» አለ። «ለተካኝ ሰው ከማኅተሙ ጋር አስረከብኳት። እሱም ለተካው ያስረክባታል። እስካሁን እሷን ታስባለህ እንዴ መምህር? ምን ትረባለች ብለህ ነው። ፊልም እንኳ እኮ አልነበራትም።»

ይህን ብሎ ጉልበቱን ማሸት ቀጠለ።

እኔ ከውሃው ወጣሁ። መልስ ሳላገኝ ወጣሁ ማለት ነው፤ እስካሁንም አላገኘሁም። መሪጌታ ላቀው አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ደብረ ታቦር በሄድኩ ቁጥር ግን ድምፄን ለይተው «መጣ?» ይሉኛል።

ስለዚህ ተሰማም፣ እሱን የተካውም፣ ያንን የተካውም፣ ዛሬ ካሜራዋ እጁ ላይ ያለችውም ሰው ይስማኝ። ሌንሷን በሸማ አትጥረጉት፤ ይጫራል። ቀስታው ቁጥር ላይ ንቧ ዝም ካለች ሥራ ፈትታ ነውና ደጋግማችሁ ተጫኗት። ይህን ካደረጋችሁ ካሜራዋን አስቀሯት። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ፊልም ካልነበራት፣ እኔ በምን ተፈረደብኝ? ፊልም ከነበራት ደግሞ፣ የመሪጌታን ፎቶ አምጡ።