ኮቴ የማይሰማ ጫማ

ጫማ ገዢ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለክቶ፣ ተከራክሮ፣ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ለክቶ፣ አውልቆ፣ ተቀምጦ፣ እንደገና ለክቶ፣ ባለሱቁን ስለ ጫማ አስተምሮ ባዶ እጁን ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ የሐይቅ ከተማው ግን ከሁሉም ይብሳል። ስማቸው ጋሽ ዝናው ነው። ባለሱቁ ሙዘይን በልቡ የሰጣቸው ማዕረግ ደግሞ ሊቀ ኮቴ ነው።

ሊቀ ኮቴ ዝናው አዳኝ ናቸው። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው ጫካ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቆቅና ጅግራ ሲያድኑ ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ጠመንጃቸው ሲያወሩ የሰማቸው የለም። ወሬያቸው ሁሉ ጫማ ነው። "ጥይትማ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤" ይላሉ። "ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የእግር ሥራ ነው።"

ሱቅ የሚመጡት ፌስታል አንጠልጥለው ነው። በፌስታሉ ውስጥ ደረቅ የዋንዛ ቅጠል፣ ጭራሮና አንድ እፍኝ ጠጠር አለ። የወደዱትን ጫማ ካጠለቁ በኋላ ፌስታሉን ወለሉ ላይ ይዘረግፉና "ዝም በሉ! ጫማው ይናገር!" ብለው ያዛሉ። ያን ጊዜ በሱቁ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። እሳቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ቅጠሉ ላይ ይራመዳሉ። መንገድ ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ከነፋ ሙከራው ይሰረዝና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ጊዜ ለሠርጉ ጫማ ሊገዛ የመጣ ሙሽራ ቅጠሉ እስኪጠረግ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሟል።

ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም። ኮንጎ ጫማ ላብ ሲገባበት እንደ እንቁራሪት ይጮሃል። በረባሶ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ድንጋይ ሲነካ ግን ለአምባሰል ሁሉ ያወራል። ቦት ጫማ ለዘበኛ ነው። ሸራ ጫማ ደህና ነው፤ ሶሉ ስስ ስለሆነ እግር ጭራሮውን ሳይሰብረው ያውቀዋል፤ ችግሩ እሾህ አይመልስም። ምቾትም አለ። ጫማ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ብሎ በሱፍ ካልሲ ካልተደረገ አይሆንም። "እግሩን የሚያመው ሰው ያቃስታል፤" ይላሉ። "የሚያቃስት ሰው ደግሞ ከጫካ ይዞ የሚመለሰው ጉንፋን ነው።"

ግሸን ማርያም ሲሄዱ እንኳ አያርፉም። ምእመኑ ከአውቶቡስ ወርዶ ዳገቱን ሲያያዘው ከኋላ ሆነው እግር ያዳምጣሉ። አንዷን ሴት "ልጄ፣ ተረከዝሽን ነው የምታስቀድሚው፤ ከጣትሽ ጀምሪ" ቢሏት፣ "አባባ፣ እኔ የመጣሁት ለስለት ነው" አለቻቸው። "ይሁን፣ ስለትሽን ትስማልሽ" አሉ ጋሽ ዝናው፤ "እኔስ ከታች ጀምሮ እየሰማሁሽ ነው።"

ሙዘይን ይህን ሁሉ የሚታገሠው ስለ አባቱ ሲል ነው። ሱቁን ያቆሙት አባቱ ኑርዬ የጋሽ ዝናው የአደን ጓደኛ ነበሩ። ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አብረው ይወጡ ነበር። እስላም ያረደውን ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም ስለማይበላ፣ የተመታውን ወፍ ተራ በተራ አንዱ "ቢስሚላህ" ሌላው "በስመ አብ" ብሎ እያረደ የየድርሻውን ይዞ ይመለስ ነበር። ይጣሉ የነበረው አንድ ወፍ ብቻ የተገኘ ቀን ነው፦ "የዛሬው ያንተ ይሁን" "ወላሂ አይሆንም፣ ያንተ ነው" እየተባባሉ። ለሙዘይን ልጅነቱ ማለት እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው፤ በር ላይ ተገልብጦ የሚደርቅ እርጥብ ሸራ ጫማና ከጓሮ የሚሰማ የሁለት ሰው ሳቅ። ኑርዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

ባለፈው ኅዳር ጋሽ ዝናው እንደ ልማዳቸው መጥተው ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጥቁር ጫማ አወረዱ። ጫማውን ሙዘይን በደንብ ያውቀዋል። በተራመዱበት ቁጥር ሲጥ ሲጥ እያለ ሁለት ደንበኛ ወስዶ የመለሰው ጉደኛ ነው።

ቅጠሉ ተዘረገፈ። "ዝም በሉ! ጫማው ይናገር!"

ሲጥ። ሲጥ። ሲጥ።

ነጠላ ጫማ ልትለካ የተቀመጠችው ፋና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ሙዘይንም ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየ። የጋሽ ዝናው ፊት በርቷል።

"በእስጢፋኖስ!" አሉ ቀስ ብለው። "እንዲህ ያለ ጫማ በዕድሜዬ አልገጠመኝም። ጭራሽ ድምፅ የለውም!"

ፋና ሳቋ አመለጣት። ሙዘይን በዓይኑ ገሠጻት።

"ጋሼ፣ ሌላ ላሳይዎት?" አለ። "ይኸኛው እንኳ ለጫካ..."

"አፍህን ያዝ! አባትህ ይህን ጫማ ቢያገኝ በደስታ ያለቅስ ነበር። ቅዳሜ አብረኸኝ ትወጣለህ። ኑርዬ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ ጫካው ምን እንደነካው እንጃ፣ ጭር ብሎብኛል።"

ሙዘይን ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ። ቢነግራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በጆሯቸው የኮሩትን ሰው ማዋረድ ነው። ባይነግራቸው ፋና ገበያ ላይ ታወራውና የከተማው መሳቂያ ይሆናሉ። በመጨረሻ ከጂዳ የተመለሰችውን እህቱን ሀያን አማከራት። "ንገራቸው" አለችው ሀያ፤ "ሰው ፊት ብቻ አይሁን።"

ቅዳሜ ጤዛው ሳይረግፍ ጫካው ገቡ፤ ጋሽ ዝናው ከፊት፣ ሙዘይን ከኋላ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ከመቶ እርምጃ ወዲያ የጅግራ መንጋ ግር ብሎ ተነሣ።

"ምን አይተው ነው?" አሉ ጋሽ ዝናው። "ነፋሱ እንኳ ወደኛ ነው።"

ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ሁለት ቆቅ ተነሡ። ሙዘይን ጫማቸውን ጫማቸውን ሲያይ፣ ጋሽ ዝናው ድንገት ዞር ብለው ያዙት።

"ሙዜ፣ ይጮሃል እንዴ?"

ሙዘይን ለመዋሸት አስቦ ተወው። "ይጮሃል ጋሼ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሱቅ ጀምሮ።"

"ያቺ ልጅ የሳቀችው..."

"አዎ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጫማውን አወለቁና ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እጥፍ ዘርጋ አደረጉት። ብዙ ጊዜ እጥፍ ዘርጋ አደረጉት። ከዚያ ጠመንጃውን አጠገባቸው አጋደሙ።

"እኔኮ የሰው ወሬ ከቅርብ ስለምሰማ ወፎቹ ጥለውን የሄዱ መስሎኝ ነበር፤" አሉ። "ከክረምት ጀምሮ። ባለቤቴን 'ዘንድሮ ወፉ ሁሉ የት ገባ?' ስላት ዝም ብላ ታየኛለች። ለካ እዚሁ ናቸው።"

ሙዘይን አጠገባቸው ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። "ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልስማልዎት። በግራ በኩል እንጨት የሚያንኳኳ አለ።"

"ግንደ ቆርቁር ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

"ከላይ ደግሞ አንዷ እያባበለች የምትመስል፣ እህህ የምትል..."

"ዋኖስ ናት። ቀጥል።"

"ከታች ሐይቁ ዳር ሰው ልብስ ያጥባል።"

"እሱን ተወው።"

"ውሻ ጮኸ፤ ከቁጥቋጦው ወዲያ።"

ጋሽ ዝናው ቀና አሉ። "እዚህ ውሻ ምን ሊሠራ? አንዴ ጮኾ ነው የሚያቆመው?"

"አንዴ። ጎርነን ያለ ነው።"

"ድኩላ ነው!" ብድግ አሉ። "እጄን ያዘኝ። በጮኸ ቁጥር ጨበጥ አድርገኝ።"

በሱፍ ካልሲያቸው ብቻ ሄዱ። ሙዘይን እጃቸውን ሁለት ጊዜ ጨበጠ፤ በሁለቱም እሳቸው ከድኩላ ጠባይ ተነሥተው በየት በኩል መዞር እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የቀጋውን ቁጥቋጦ ገለጥ ሲያደርጉ ድኩላው ሃያ እርምጃ ላይ ቆሟል፤ ቀይ ዳማ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት። ጠመንጃው ድንጋዩ ጋ እንደቀረ ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

"አሁን ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ዝናው።

"ምንም አይልም ጋሼ። ቆሞ ያየናል።"

"እሱንማ እኔም ሰማሁት" አሉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲህ የሙዘይን ሱቅ ቅዳሜ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው። ደንበኛ ቢቆጣም፣ ሀያ ብትቆጣም አልተለወጠም። ጫካ ውስጥ እሱ የሰማውን ይናገራል፣ እሳቸው ስሙን ይነግሩታል። አንዳንዴ ያምታታበታል፤ ቆቅ ነው ያለው ወፍ ጅግራ ሆኖ ብር ሲል ጋሽ ዝናው በዓይናቸው ያዩና በዱላቸው መሬቱን ይመታሉ።

"አንተ ልጅ!" ይሉታል፣ ጫካው እስኪያስተጋባ። "ጭራሽ ጆሮ የለህም!"

"ይቅርታ ጋሼ" ይላል ሙዘይን፤ ዓይኑን ጨፍኖም እንደገና ያዳምጣል።