ኔት ሳይጠመድ አይገዛም

ፈጣን ኔት የሚሸጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ያጋጠመኝ ጫማው የሚያብረቀርቅ ነበር። ከላሊበላ ከተማ ቤቴ ድረስ መጥቶ «አባባ፣ እንደ መብረቅ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ!» አለኝ። መብረቅማ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶናል፤ ማን ይገዛዋል?

ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ልጄ አስናቀች ሥራዋ በኮምፒውተር ነው፤ ቤት ውስጥ ኔት ከሌለ ደሴ ቤት ልትከራይ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር።

እኔ ፊደል በቅጡ አልለየሁም፤ በሬ መግዛት ግን አውቃለሁ። በሬ ሳይጠመድ፣ እርሻ ላይ ሳይታይ፣ ላስታ ውስጥ ማን ይከፍላል?

«ሦስት ቀን ጥመድልኝ» አልኩት።

«ኧረ አባባ፣ ኔት በሬ ነው እንዴ?»

«እንግዲያ ይዘኸው ሂድ!»

ሄደ። በማግስቱ ከሌላ ድርጅት አንድ ዝምተኛ ሰው መጣ፤ ዕቃውን ተከለና «ይሞክሩት» ብሎኝ ተመለሰ። ዝናቡ ወረደ፤ ግድግዳዬም ወፍራም ድንጋይ ነው። አስናቀች ግን ሦስቱንም ቀን እቤት ተቀምጣ ከአለቆቿ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ስትነጋገር ዋለች። በሦስተኛው ቀን ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ መለሰች። ያኔ ከፈልኩ።

ዛሬ የሰፈሩ ሰው ኔት ሊያስገባ ሲያስብ እኔን ያስጠራል። ትናንትም ጎረቤቴ ዘንድ ብሄድ ያ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሻጭ ተቀምጧል። ገና ሲያየኝ ብድግ አለና «አባባ፣ ስንት ቀን ልጥመደው?» አለኝ።